አድረሽበታል?

ጥያቄው የመጣው ቤቱን ከነደፍኩለት ቤተሰብ እናት ነበር። ጊዜው ሰኔ፣ ቦታው በአፋር ክልል የምትገኘው ሎጊያ ነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ እኔ ከነደፍኩት ባለ ሦስት መኝታ ቪላ በስተጀርባ፣ እርሳቸው በእጃቸው በተከሉት ዳቦይታ፣ ማለትም ከጎበጠ እንጨትና ከሰሌን በሚሠራው የአፋር ጎጆ ውስጥ፣ ሰሌን ላይ ተቀምጠን የግመል ወተት እየጠጣን ነበር። በአፋርኛ የሚናገሩትን ምራታቸው ወደ አማርኛ ትመልስልኛለች። ቪላውን የነደፍኩት እኔ መሆኔን ስትነግራቸው ፈጽሞ አልተገረሙም። በሥራ ዘመኔ ሁሉ ኢንጂነሯ ሴት መሆኗን ሲሰማ ዳግመኛ ቀና ብሎ ያላየኝ ሰው ከእርሳቸው በፊት አላጋጠመኝም። ለእርሳቸው ግን ነገሩ የተለመደ ነው፤ በአፋር አርብቶ አደር ዘንድ ቤት የምትሠራው ሴት ናት። ጥቂት ዝም ካሉ በኋላ አንድ ነገር ተናገሩ። ምራታቸው ዓይኗን መሬት ላይ ጥላ፣ «‹አድረሽበታል ወይ?› ይሉሻል» አለችኝ።

አላደርኩበትም ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ ሦስት ክረምት አልፏል፤ ጥያቄው ግን እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። አዲስ አበባ ጠረጴዛዬ ላይ አዲስ ፕላን በዘረጋሁ ቁጥር ተመልሶ ይመጣል።

የቪላው ታሪክ አጭር ነው። የቤተሰቡ የበኩር ልጅ በሰመራ ከተማ የመንግሥት ሠራተኛ ሲሆን፣ እናቱን፣ ታናናሽ ወንድሞቹንና የራሱን ሚስትና ልጆች በአንድ ግቢ ለማሰባሰብ ፈልጎ «ዘመናዊ ቤት ንደፊልን» አለኝ። እኔም ቢሾፍቱ ለሌላ ደንበኛ የሠራሁትን ፕላን አወጣሁና መስኮቶቹን አሰፋሁ፣ ኮርኒሱን ከፍ አደረግሁ፣ በየክፍሉ የኤሲ ቦታ አስቀመጥኩ። ግድግዳው ባለ 20 ሳንቲ ሜትር ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ መስኮቱ አሉሚኒየም፣ ወለሉ ሴራሚክ ሆነ። ያን ጊዜ ይህ ለሞቃት አገር የተሠራ ንድፍ ይመስለኝ ነበር። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላል የአገሬ ሰው፤ እኔ ግን የበረሃ ቤት ለመንደፍ የጠመጠምኩት አንድም ሌሊት በበረሃ ሳላድር ነው።

ቤቱ ተጠናቆ ቤተሰቡ ከገባበት ከጥቂት ወራት በኋላ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ዳቦይታው በግቢው ውስጥ ከብሎኬቱ ግድግዳ አራት ሜትር ያህል ርቆ ተተክሎ አገኘሁት። ልጃቸው አፍሮ፣ «እናቴ አልለምድ ብላ ነው፤ ቀስ በቀስ ትለምዳለች» አለኝ። አልደብቅም፣ ልቤ ተሰብሮ ነበር። ወደ ውስጥ ገብቼ ከእናቱ ጋር የተቀመጥኩት ቤቱ ምን እንደጎደለው ለመስማት ሳይሆን፣ ለምን እንዳልለመዱት ለመጠየቅ ነበር።

የደገኛ ቤት

እኔ ያደግሁት ደብረ ብርሃን ነው። በእኛ ቤት ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መጀመሪያ የሚሰማው ትእዛዝ «በሩን ዝጉት፣ ብርድ ገባ» የሚል ነበር። ቤት ማለት የሚዘጋ ነገር ነው፤ ጥሩ ቤት ደግሞ ደህና አድርጎ የሚዘጋ ነው። እሳቱ ከመሃል፣ ሰው በእሳቱ ዙሪያ፣ ብርዱና ጅቡ ከውጭ። ከዚህ አስተሳሰብ ጋር አድጌ፣ ከዚሁ አስተሳሰብ ጋር ዩኒቨርሲቲ ገብቼ፣ ከዚሁ ጋር ወጣሁ። በየትም ቦታ የምስለው መስመር ይህንኑ የልጅነቴን ቤት ይከተል እንደነበር የገባኝ ግን ሎጊያ ላይ ነው።

ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር ከፍ ብላ ስትገኝ፣ ሰመራና ሎጊያ ያሉት 400 ሜትር ገደማ ላይ ነው። በዚያው ክልል በስተሰሜን፣ ዳሎል ላይ፣ ከ1960 እስከ 1966 እ.ኤ.አ. በተወሰደው ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት 34.6 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሆኖ ተመዝግቧል። ይህ የቀትሩ ሙቀት አይደለም፤ ቀኑና ሌሊቱ፣ በጋውና ክረምቱ አንድ ላይ ተደምሮ ሲካፈል የሚገኝ ነው። ሎጊያ የዳሎልን ያህል ባትሞቅም፣ ለደገኛ አእምሮ የሚከብደው ነገር በሁለቱም ቦታ አንድ ነው። በደጋ ጠላት ከውጭ ይመጣል፣ እኛም በር እንዘጋበታለን። በበረሃ ግን ቤቱ ራሱ ቀን ሙሉ ጠላቱን ሲውጥ ይውልና ማታ ከሰዎቹ ጋር በር ዘግቶ ያድራል።

ሌሊቱ

ያን ዕለት ወደ ሰመራ ሆቴሌ መመለሴን ትቼ እዚያው ለማደር ጠየቅሁ። ልጁ ደስ ብሎት ትልቁን መኝታ ክፍል አስለቀቀልኝ። እስከ ምሽቱ ሁለት ሰዓት ኤሲው ይሠራ ስለነበር ሁሉም ነገር ደህና ነበር። ሁለት ሰዓት አልፎ ጥቂት እንደቆየ መብራት ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ዛሬም በቆዳዬ አስታውሰዋለሁ። መጀመሪያ የሰማሁት ከኮርኒሱ በላይ ቆርቆሮው እየቀዘቀዘ ሲንቋቋ ነው። «ይኸው ሊቀዘቅዝ ነው» ብዬ ተስፋ አደረግሁ። ቆርቆሮው በእርግጥ ቀዘቀዘ፤ ክፍሉ ግን አልቀዘቀዘም። በጨለማ እጄን ዘርግቼ ከራስጌዬ ያለውን ግድግዳ ነካሁት። እንጀራ ወጥቶበት እሳቱ ከጠፋ በኋላ እንደሚነካ ምጣድ ነበር፤ አያቃጥልም፣ ግን አይበርድም። መዳፌን አንስቼ ወደ ምዕራቡ ግድግዳ ሄድኩ፤ እርሱ ደግሞ ይብሳል። መስኮቱን ብከፍትም በተቃራኒው በኩል ነፋሱን የሚያስወጣ ሌላ መስኮት ስላልነበረ መጋረጃው እንኳ አልተንቀሳቀሰም። ያን መስኮት ያላስቀመጥኩት ከደጅ የክፍሉ ገበና እንዳይታይ ብዬ ነበር።

ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ፍራሼን ይዤ ወጣሁ። ግቢው በሰው ተሞልቷል። ልጆቹ ሰሌን ላይ ተደርድረው ተኝተዋል፤ ባለቤቱ ራሱ በታጣፊ አልጋ ላይ ከቪላው ርቆ ተኝቷል። በ110 ካሬ ሜትሩ ቤት ውስጥ የነበርኩት እኔ ብቻ ነኝ። ይህን ሁሉ ጊዜ ማንም አልነገረኝም፤ እንግዳ ማሳፈር ነውር ስለሆነ።

እናቲቱ ነቅተዋል። በዳቦይታው ነፋስ በሚመጣበት ጎን ጎንበስ ብለው፣ የሰሌኑን የታችኛውን ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወደ ላይ ጠቅልለው በገመድ አሰሩት። ቀን በነበርኩበት ጊዜ ያ ጎን እስከ መሬት ድረስ ተዘግቶ እንደነበር አስታወስኩ፤ ያን ጊዜ ፀሐዩ በዚያ በኩል ነበር። በምልክት ጠሩኝና ገብቼ ከተከፈተው ጎን አጠገብ ተጋደምኩ። ነፋሱ ቀዝቃዛ አልነበረም። ግን ነፋስ ነበር፤ ከአናቴም ሆነ ከጎኔ የሚያሞቀኝ ነገር አልነበረም። ተኛሁ።

የሙቀት ስሌቱን የማውቀው ትምህርት ቤት ነው። ወፍራም የጭቃ ወይም የድንጋይ ግድግዳ የቀኑን ሙቀት ወደ ውስጥ የሚያሳልፈው ከብዙ ሰዓታት በኋላ ነው፤ 40 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው የአፈር ግድግዳ አሥር ሰዓት ገደማ ሊያዘገየው ይችላል። ሌሊቱ በሚበርድ በረሃ ይህ ጸጋ ነው፤ ሙቀቱ የሚደርሰው ሰው ሲፈልገው ነው። የአፋር ዝቅተኛ ምድር የሰኔ ሌሊት ግን አይበርድም። እዚህ ወፍራም ግድግዳ ሙቀቱን የሚያስረክበው ሕፃን ለማስተኛት በሚታገሉበት ሰዓት ነው። የእኔ ብሎኬት ደግሞ ከሁለት ያጣ ሆነ፤ ቀትሩን ለመከላከል ይሳሳል፣ ሌሊቱን ለማሞቅ ግን ይበቃል። ሰሌን ምንም አያስቀምጥም። ፀሐይ እንደጠለቀች ወዲያውኑ ከአየሩ ጋር እኩል ይሆናል፤ በሽመናው ቀዳዳም ይተነፍሳል። እናቲቱ ይህን በቁጥር አይናገሩትም፤ በክንድ ለክተው ያስሩታል እንጂ።

ከሌላ በረሃ የሚመጣ መልስ

ወደ አዲስ አበባ ስመለስ መጀመሪያ ያደረግሁት የሌሎች በረሃዎችን ቤት መመርመር ነው። የሁላችንም አስተማሪ የሆነው ግብፃዊው አርክቴክት ሐሰን ፈትሒ በ1940ዎቹ እ.ኤ.አ. ሉክሶር አቅራቢያ አዲሲቱን ጉርና የተባለችውን መንደር ሲሠራ፣ ከኑቢያ ግንበኞች የተማረውን የጭቃ ጡብ ጉልላት ተጠቀመ። ሥራው እስከ ዛሬ ያምራል። ነዋሪዎቹ ግን አብዛኞቹ አልገቡበትም። ከጥንቶቹ መቃብሮች አጠገብ የነበራቸውን መተዳደሪያ ጥለው መሄድ አልፈለጉም፤ ጉልላትም ለእነርሱ የመቃብር ምልክት ነበር። ትውፊትን ያከበረ ሰው እንኳ የአንዱን ሕዝብ ትውፊት ለሌላው ሊያለብስ ይችላል። «የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ» የሚባለው ለካ ለቤትም ነው።

የጭቃውን ጉልላት ወደ አፋር ላለመውሰድ ደግሞ ከዚህ የባሰ ምክንያት አለ። ምድሩ በስምጥ ሸለቆው ላይ ነው። በመጋቢት 1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙም የማትርቀው የሰርዶ ከተማ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች፤ በ2017 ዓ.ም. በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ ለወራት የቀጠለው መንቀጥቀጥም ብዙ ሺህ ሰዎችን ከመኖሪያቸው አፈናቅሏል። ብረት የሌለው የጭቃ ጉልላት በእንዲህ ያለ ምድር ላይ በተኛ ሕፃን አናት ላይ መስቀል አይገባም። የታጠፈ እንጨትና ሰሌን ቢወድቅ ግን ሰው ከሥሩ ተነሥቶ ይወጣል።

ከተመለከትኳቸው ሁሉ ልቤን የነካው ከባሕረ ሰላጤው የመጣው ነው። ዱባይ የሚኖሩ ወገኖቻችን በአል ፋሂዲ ሰፈር የሚያዩት ባርጂል፣ ማለትም ነፋስን ከላይ ጠልፎ ወደ ክፍል የሚያወርደው ማማ፣ በሥዕልም በፖስት ካርድም የታወቀ ነው። ከእርሱ ይልቅ ብዙ ሰው የኖረበት ግን አሪሽ የሚባለው፣ ከተምር ዛፍ ቅጠልና ዝንጣፊ የሚሠራው ቤት ነበር። የድንጋይ ቤት ያላቸው ቤተሰቦች እንኳ በጋው ሲበረታ ወደ አሪሽ ይወጡ ነበር። አንዱ ቤተሰብ ለአንዱ ዓመት ሁለት ዓይነት ቤት ነበረው ማለት ነው። ሎጊያ ያየሁት ያንኑ ነው፤ ልዩነቱ እናቲቱ ሁለተኛውን ቤት የሠሩት እኔ ስላልሠራሁላቸው መሆኑ ነው።

የሚሰፋና የሚጠብ

በሚቀጥለው ጉዞዬ ዳቦይታ ሲተከል ለማየት ለመንኩ። እናቲቱና ሁለት ጎረቤቶቻቸው ለአንዲት ዘመዳቸው ሲተክሉ ከጠዋቱ ጀምሬ አብሬ ዋልኩ። ቀስት የመሰለ ኩርባ የያዙ እንጨቶች ጥንድ ጥንድ ሆነው መሬት ውስጥ ይገባሉ፤ ጫፍና ጫፋቸው ከላይ ተገናኝቶ በልጥ ይታሰራል፤ አግዳሚዎቹ ይከተላሉ፤ ከዚያ ሰሌኖቹ እንደ ዓሣ ቅርፊት ከታች ወደ ላይ ይደራረባሉ። ሚስማር የለም። አንዲቷ ሴት እንጨቱን ከመትከሏ በፊት በጉልበቷ ጫን ብላ ታጎብጠውና ድምፁን ታዳምጣለች፤ ድምፁ ካላማራት ትጥለዋለች። ማታ ለመንቀል ቢፈለግ በግመል የሚጫን ነው።

ከሙቀቱ በላይ ያስተማረኝ ግን ከቤተሰቡ ጋር የሚሰፋና የሚጠብ መሆኑ ነው። እንግዳ ሲበዛ ሁለት ጥንድ እንጨት ይጨመራል። ልጅ ሲያገባ ቤት አይከፈልም፤ ለሙሽራይቱ በአጠገቡ ሌላ ይተከላል፣ ያም የእርሷ ይሆናል። የእኔ ቪላ ሦስት መኝታ ቤት ነበረው፤ ሦስት ብቻ። ሁለተኛው ልጅ ሲያጭ የት እንደሚገባ መልስ አልነበረኝም። አንዱ መኝታ ክፍል ቀድሞውኑ የዱቄትና የጀሪካን ማስቀመጫ ሆኗል። ሳሎኑም ሰው አልያዘም። መንገደኛ ሲመጣ ዳጉ ይለዋወጣሉ፤ የዝናቡ፣ የግጦሹ፣ የሕመሙ፣ የሰላሙ ወሬ አንድ ሳይቀር ይጠየቃል፣ ይነገራል። ይህ የሚሆነው ከበሩ ፊት ለፊት ባለው ጥላ ሥር፣ አላፊውም ቆም ብሎ በሚሰማበት ቦታ ነው እንጂ ሴራሚክ በተነጠፈበት ክፍል ውስጥ፣ በሶፋ ላይ አይደለም።

ነገር ግን እዚህ ላይ ራሴን መግታት ነበረብኝ። ዳቦይታን አሞግሶ ቪላውን መኮነን ለእኔ ቀላል ነው፤ በማግስቱ ወደ አዲስ አበባ እመለሳለሁና። ልጁ ዘመናዊ ቤት መፈለጉ መብቱ ነው። ልጆቹ ማታ በመብራት ማጥናት አለባቸው፤ የሚስቱ ወርቅና የልደት ምስክር ወረቀቱ የሚቆለፍ በር ይፈልጋሉ፤ አቧራው ሲነሣ መግቢያ ያስፈልጋል። እናቲቱ ራሳቸው የግቢውን ቧንቧ ውሃ እንዴት እንደሚወዱት በዓይኔ አይቻለሁ፤ ውሃ ፍለጋ የሄዱበትን ርቀት ሲያወሩ ድምፃቸው ይለወጣል። ዳቦይታውም እንደ ድሮው አይደለም፤ ዛሬ ብዙዎቹ በሰሌን ፋንታ ሸራና ፕላስቲክ ለብሰዋል፤ ፕላስቲክ ደግሞ አይተነፍስም። ስለዚህ ጥያቄው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አልነበረም። ሁለቱ በአንድ ግቢ እንዴት አብረው ያድራሉ የሚል ነበር።

ሁለተኛው ንድፍ

ሁለተኛው ልጅ ሲያገባ ቤቱን እንድነድፍ ተጠራሁ፤ በዚያው ግቢ፣ በቀረው ቦታ ላይ። በዚህ ጊዜ የጀመርኩት ከክፍል ሳይሆን ከጥላ ነው። በቀጭን የብረት ምሰሶዎች ላይ የቆመ አንድ ሰፊ ጣሪያ፣ ከላይ ነጭ ቀለም የተቀባ ቆርቆሮ፣ 60 ሳንቲ ሜትር ክፍተት ትቶ ከሥሩ የሰሌን ኮርኒስ፤ በመካከላቸው ነፋስ ያልፋል። ቀትር ላይ ቆርቆሮው ቢግልም፣ ግለቱን የሚወስደው ነፋሱ እንጂ የሰው አናት አይደለም። ከዚህ ጥላ ሥር ሁለት ትንንሽ የሚቆለፉ ክፍሎች ብቻ አሉ። የቀረው ወለል ባዶ ነው።

መጻሕፍቱ «የደቡቡን ፊት በጥላ ሸፍን» ይላሉ፤ ከእኛ በስተሰሜን ርቆ ላለው የዓለም ክፍል የተጻፉ ናቸውና። ሎጊያ በሰሜን ኬክሮስ 12ኛው ዲግሪ አጠገብ ስለሆነች፣ ሰኔ ላይ እኩለ ቀን ፀሐይዋ ከአናት ወደ ሰሜን 12 ዲግሪ ያህል ታዘነብላለች። የባሰው ሙቀት በሚሆንበት ወር ፀሐይ የሚመታው የሰሜኑ ፊት ነው። ስለዚህ የጣሪያውን ጠርዝ በሁለቱም በኩል አስረዘምኩ፤ ምሥራቅና ምዕራቡን ያለ መስኮት ተውኩ። ማጀቱን ከነፋሱ ማዶ፣ ለብቻው አደረግሁ። ከበሩ ፊት ለፊት ለዳጉ የሚሆን ጥላና የድንጋይ መደብ አስቀመጥኩ።

በባዶው ወለል ላይ የፌሮ ቀለበቶችን በሁለት ረድፍ እንዲቀበሩ ሣልኩ። የዳቦይታ እንጨት በኮንክሪት ውስጥ ስለማይተከል፣ ቀለበቶቹ የእንጨቶቹ መያዣ ይሆናሉ። ሙሽራይቱ ስትፈልግ ትተክልበታለች፣ ሳትፈልግ ወለሉ መሰብሰቢያ ይሆናል። ፈቃድ ለማግኘት ስንሄድ ፕላኑን ያየው ባለሙያ «መኝታ ክፍሉ የታለ?» ብሎ ደጋግሞ ጠየቀ። አልፈርድበትም፤ ከጥቂት ዓመታት በፊት እኔም የምጠይቀው እርሱን ነበር። ባዶው ቦታ ላይ «መኝታ፣ በወቅቱ የሚተከል» ብዬ ጽፌ በሦስተኛው ምልልስ ተፈቀደ።

ኮንክሪቱ ሊሞላ አንድ ቀን ሲቀረው እናቲቱ በትራቸውን ይዘው መጡ። ሲባጎው ተወጥሯል፣ ቀለበቶቹ በየቦታቸው ቆመዋል። ምራታቸውን አስከትለው በረድፉ መካከል ተራመዱ፤ ከዚያ አሸዋው ላይ ተቀመጡና የሻሻቸውን ጫፍ በሁለት ጣት ይዘው ወደ ላይ አነሡት። ጨርቁ ወዴት እንደሚሄድ እያዩ ብዙ ቆዩ። ፀሐይ እየጠለቀች ነበር። በትራቸው የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀለበቶች አመለከቱ፤ ሁለት ክንድ ወደ ግራ። ፎርማኑ ፌሮው ታስሮ ማለቁን ነግሮኝ ፊቴን አየ። «ፍታውና ባሉት ቦታ እሰረው» አልኩት።

ሠራተኞቹ በባትሪ ብርሃን አስረው ሲጨርሱ ምሽት ሦስት ሰዓት ሆኖ ነበር። ሰሌን ለመንኩና ኮንክሪት ባልነካው አፈር ላይ፣ በአዲሶቹ ቀለበቶች አጠገብ አነጠፍኩ። እናቲቱ ከዳቦይታቸው ሆነው አዩኝ፤ ጥቂት ቆይተው በልጅ ልጃቸው እጅ አንድ ጽዋ ወተት ላኩልኝ። ጠጥቼ እዚያው አደርኩ።